ሁለተኛው መሰኪያ

አጎት ቺዩን ወድቀው ያገኘቻቸው ከኮምፒውተር ዕቃ ሱቃቸው ፊት ለፊት በረዶ በኦቾሎኒ የምትሸጠው አክስት ሉ ናት። ጠዋት የሱቁ የብረት መዝጊያ እስከ ግማሽ ብቻ ወርዶ ስታይ፣ “ሰውዬው አርጅተው በር መዝጋትም ረሱ” ብላ ልትቀልድባቸው ጎንበስ ብላ ገባች። ከዚያ በኋላ የጮኸችው ጩኸት ገበያው ማዶ ድረስ ተሰምቷል ይባላል። አክስት ሉን ለሚያውቅ ሰው ይህ ማጋነን አይደለም።

እኔ ስደርስ አዛውንቱ ሆስፒታል ተወስደዋል። ትንፋሻቸው አለ፤ ራሳቸውን ግን አያውቁም። ሱቁ ውስጥ የቀረው ጠርዙ ላይ ደም የደረቀበት የብረት ቁም ሳጥን፣ የተገለበጠ በርጩማና የታይፔ የበጋ ሙቀት ነበር።

“አለቃ፣ ይህን ይዩት” አለችኝ ሳጅን ኬ።

የሥራ ጠረጴዛው ላይ ሽፋን የሌለው ኮምፒውተር ሆድ ዕቃው ተዘርግፎ ተቀምጧል።

“ምኑን ነው የማየው?”

“ዋናው ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያሉትን ሁለት ረጃጅም መሰኪያዎች። የግራፊክስ ካርድ መሰኪያ ናቸው። የዘንድሮ ጎረምሳ ለጨዋታ አንድ ካርድ አልበቃው ብሎ ሁለት ነው የሚሰካው። ሁለቱም ግን ባዶ ናቸው፤ አቧራ እንኳ የለባቸውም።”

“ካርዶቹስ የት ገቡ?”

“እሱን ባውቅማ እርስዎን ከእንቅልፍ አልቀሰቅስም ነበር።”

ኬ አፏ አያርፍም። ሥራዋም እንደ አፏ ስለሆነ ችዬአት እኖራለሁ።

እግሬ ሥር አንድ አረንጓዴ ከረጢት ኮሽ አለ። ሁላችንም የምናውቀው፣ የኮኮነት ጣዕም ያለው የበቆሎ ብስኩት ከረጢት ነው፤ ተቀዶ ባዶውን ቀርቷል። ኬና እኔ ተያየን። እኛ አገር ኮምፒውተር የሚነካካ ሰው ሁሉ ማሽኑ እንዳያምፅበት ይህን ከረጢት፣ ያውም አረንጓዴውን ብቻ፣ ማሽኑ ላይ ያስቀምጣል። የመበያ ጊዜው ሳያልፍ ይቀይረዋል እንጂ ማሽኑ ላይ የተቀመጠውን ማንም አይበላም። ጣቢያችን ኮምፒውተር ላይም አለ፤ የምቀይረው እኔ ነኝ፤ የሚስቅብኝ ካለ ይሳቅ።

“ይህን የበላ ሰው የሙያው ሰው አይደለም” አለች ኬ።

“የውጭ ሰው ነው። ካርዶቹን ነቅሎ፣ አዛውንቱን መትቶ፣ ብስኩቱንም በልቶ ሄደ።”

“ዓይን ያወጣ ሌባ!”

ይህን ግምት ወደድኩት። ቶሎ የሚወደድ ግምት እንደሚያሳስት ማንም ሊነግረኝ አያስፈልግም ነበር፤ ግን ወደድኩት።

አክስት ሉ ዓይኗን በሽርጥ እየጠረገች መሰከረች። “ትናንት ማታ የቆሻሻ መኪናው ዜማውን እያሰማ ሲመጣ፣ እኛም ከረጢታችንን ይዘን ስንወጣ፣ ከሱቃቸው ‘ዱብ!’ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሣጥን ጣሉ ብዬ ተውኩት። ምነው ያኔ ዞር ብዬ ባየሁ!”

“መኪናው ስንት ሰዓት ነው የሚመጣው?”

“ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ። እሱ ከዘገየ ሰፈሩ ሁሉ ከንቲባውን ይሰድባል።”

“ሰው ሲወጣ አላየሽም?”

“ሰው ሁሉ መኪናውን ሲያሯሩጥ ማን ማንን ያያል? ግን ልንገርህ፤ ከዚያ በፊት በነበረው ቀን አንድ አንገቱ ላይ ንቅሳት ያለበት ሰውዬ ሁለት ካርድ ይዞ መጥቶ ሲጮህባቸው ነበር። ‘ራስዎን ነው የምፈነክትልዎ!’ ብሏቸዋል። በነዚህ ጆሮዎቼ!”

“ንቅሳቱ ምንድን ነው?”

“ዓሣ። ቀሽም ዓሣ።”

ያን ቀሽም ዓሣ አውቀዋለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት መጋዘን ሲሰብር እጅ ከፍንጅ የያዝኩት ፓን ነው። ፍርዱን ሳይጨርስ በአመክሮ ወጥቷል። በአመክሮ ላይ ያለ ሰው አንድ ጊዜ ከተሳሳተ ወዴት እንደሚመለስ ሁለታችንም እናውቃለን።

*

ፓን ከወንዙ ማዶ፣ ሳንቾንግ ውስጥ፣ ከሚስቱ ከሹዠን ጋር ትንሽ ኢንተርኔት ካፌ ከፍቷል፤ ለሙያው አዲስ ነው። ስንገባ መሬት ላይ ተንበርክኮ ሽቦ ሲያስተካክል ነበር። ሲያየኝ ሽቦውን ጥሎ ተነሳ።

“ኢንስፔክተር ሊያው፣ ምን አጠፋሁ?”

“እስቲ አንተ ንገረኝ።”

ኬ መስኮቱ አጠገብ ያለውን ትልቅ ኮምፒውተር ከፈተች። ሁለት አዳዲስ ካርዶች ጎን ለጎን ተሰክተዋል። ወደኔ ስትዞር ፊቷ ላይ ምንም ቀልድ አልነበረም።

“ደረሰኝ አለህ?” አልኩት።

“አጎት ቺዩ ጋ ነው። ሁለተኛዋ ካርድ አልሠራ ስትለኝ ሄጄ ጮኽኩባቸው። እሳቸው ግን ወንበር ስበው አስቀመጡኝ፣ ቀዝቃዛ ሻይ ሰጡኝ፤ ‘ደረሰኙን ተውልኝና እኔ አጣራለሁ’ አሉኝ። አፈርኩ፤ እውነቴን ነው።”

ሱቁን ፈትሸናል፤ የእሱን ደረሰኝ አላየንም። “ማታ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ የት ነበርክ?”

“እዚሁ፤ ቆሻሻ ልጥል ወጥቼ ነበር።”

“ማን አየህ?”

“ማንም።” ሹዠን እናቷ ጋ ነበረች፤ ካፌው ደግሞ በዚያ ምሽት አንድም ደንበኛ አልነበረውም። መንገዱ ማዶ አዲስ ትልቅ ካፌ ከተከፈተ ወዲህ ደንበኛ ሸሽቷቸዋል። መስኮቱ ላይ ያለው ማሽን የመጨረሻ ተስፋቸው ነበር፤ ጎረምሶቹ ባለ ሁለት ካርዱ ላይ ለመጫወት ይሰለፋሉ ብለው ያላቸውን ሁሉ አፍስሰውበታል።

ካቴናውን ሳጠልቅለት ሹዠን አልጮኸችም። “እሱ አይደለም” ብቻ አለች። ይህን ከብዙ ሚስቶች ሰምቻለሁ። ሆኖም የሷ አባባል መኪና ውስጥም ተከተለኝ።

ዐቃቤ ሕጓ መዝገቡን አገላብጣ፣ “ዛቻው አለ፣ ካርዶቹ አሉ፣ ያለፈ ወንጀሉ አለ። ዓርብ አመክሮው ይሰረዛል፤ ወደ እስር ቤቱ ይመለሳል” አለችኝ። ዓርብ ከነገ ወዲያ ነበር።

*

የአዛውንቱ ስልክ እንደሚያሳየው፣ ከመውደቃቸው በፊት የደወሉለት ሰው ሼን ይባላል። ዳንሹይ፣ ባቡሩ መጨረሻ ላይ፣ ባሕሩን የሚያይ ትንሽ ክፍል አለው። በኮምፒውተር አፍቃሪዎች የኢንተርኔት መድረክ ላይ ‘ነጭ ሽመላ’ በሚል ስም የታወቀ ነው፤ የደሴታችን የኮምፒውተር ፍጥነት ሪከርድ በእጁ ነው። እንዲህ ያለ ሪከርድ መኖሩን እኔ የሰማሁት ያን ዕለት ነው።

“አጎት ቺዩ ለኔ እንደ አባት ናቸው” አለ፤ ዓይኑ ቀልቷል። “ማታ የደወሉልኝ ስለ አንድ የሚያስቸግር ደንበኛ ሊነግሩኝ ነው። ፈርተውት ነበር።”

“አንተስ ማታ የት ነበርክ?”

“እዚሁ። ውድድር ነበረን።” መድረኩን ከፍቶ አሳየን። በውድድር ምሽት አዘጋጁ ሦስት ሰዓት ላይ አንድ ቃል ያወጣል፤ ተወዳዳሪው ቃሉን በእጁ ወረቀት ላይ ጽፎ፣ ውጤቱ ከሚታይበት የኮምፒውተር መስታወት አጠገብ ይዞ ፎቶ ያነሳል፤ እስከ አራት ሰዓት ይለጥፋል። የዚያ ምሽት ቃል ‘የውሃ ጎሽ’ ነበር። በሼን ፎቶ ላይ ‘የውሃ ጎሽ’ የሚል ወረቀት፣ አጠገቡም የደሴቲቱ አዲስ ሪከርድ ይታያል።

“ከሦስት በፊት ቃሉን ማንም አያውቀውም” አለች ኬ በጆሮዬ። “ከአራት በኋላ ደግሞ አይቀበሉም። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ሱቁ ውስጥ ከነበረ ይህን እዚህ መቼ ሠራው?”

ማሽኑን አየሁት። ባለ ሰማያዊ ማዘርቦርድ፣ ሁለት ካርድ፣ በመካከላቸው እነሱን የምታገናኝ ትንሽ ድልድይ። ሁለቱም ማራገቢያ ይዞራል፣ ሁለቱም መብራት ይበራል።

“በዚህ ነው ሪከርዱን የሰበርከው?”

“በዚሁ። የዚህ ቦርድ አምራቾች ከወር በኋላ መፈተሻ ክፍላቸው ውስጥ ይቀጥሩኛል።” ይህን ሲል ደረቱ ነፋ አለ፤ ወዲያው ደግሞ አዛውንቱን አስታውሶ አቀረቀረ።

ስንወጣ ኬ የቀረበልንን ሻይ አመሰገነች፤ እኔ ደግሞ ሼንን ከሐሳቤ አወጣሁት። ሰውየው ጨዋ ነበር፤ ያቀረበው ማስረጃም ቀዳዳ አልነበረውም።

*

በማግሥቱ ጠዋት ቱ የሚባለው ወጣት የጥበቃ ፖሊስ ቢሮዬ በር ላይ ቆሞ ኮፍያውን ሲያዞር አገኘሁት።

“ጌታዬ፣ ስለዚያ አረንጓዴ ከረጢት… ሪፖርቱ ላይ ‘ጥቃት አድራሹ በልቶታል’ የሚል አየሁ።”

“አዎ?”

“እኔ ነኝ የበላሁት።”

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ።

“መርማሪዎቹ እስኪመጡ በሩን ጠብቅ ተባልኩ። ቁርስ አልበላሁም። ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ሳየው…”

“የማሽን መሆኑን አታውቅም?”

“ገና ዘልቆ አልገባኝም ነበር ጌታዬ። እኔ ከተራራው ነኝ፤ እኛ ጋ ብስኩት ለሰው ነው።”

ኬ ከኋላ ሳቋን አፍና ልትፈነዳ ደረሰች። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ በዚህ ከረጢት የተነሳ ነው የውጭ ሰው ፍለጋ የሮጥኩት። ቱን ተሳድቤ አስወጣሁትና ኮቴን አነሳሁ።

“ወዴት?” አለች ኬ።

“ሳንቾንግ። ብስኩቱ ከወጣ የውጭ ሰው ለመሆኑ ምን ማስረጃ ቀረን?”

*

ካፌው ውስጥ ሹዠን ብቻዋን ነበረች። ማሽኖቹን ሁሉ አብርታ፣ ደንበኛ እንደሚመጣ ሁሉ መስታወቶቹን ትወለውላለች። አንጀቴን በላችው፤ አልነገርኳትም።

“ሁለተኛዋ ካርድ አልሠራም ያላችሁትን አሳይኝ” አልኳት።

“የምትሠራ መምሰሏ እኮ ነው ያሞኘን። ይኸው፣ ማራገቢያዋ ይዞራል፤ መብራቷ ይበራል።” የፍጥነት መለኪያውን ፕሮግራም ከፈተች። ተራራና ዘንዶ በመስታወቱ ላይ አለፈ፤ መጨረሻ ላይ ቁጥር ወጣ። ከዚያ ማሽኑን አጥፍታ ሁለተኛዋን ካርድ ነቀለችና ደገመችው። ቁጥሩ ያው ነው።

“ስለዚህ ሁለተኛዋ ሥራ ፈት ናት።”

“ተኝታ ኤሌክትሪክ ትበላለች። ፓን መጀመሪያ ካርዷ ተበላሽታ ነው ብሎ ነበር የተናደደው። አጎት ቺዩ ግን ‘የምን ቦርድ ነው ያለህ?’ ብለው ሲጠይቁትና ሲነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ ብሎኛል። መሰኪያው ለዓይን ረጅም ነው እንጂ ከውስጥ የተዘረጋለት መስመር ጥቂት ነው፤ ሁለቱን አጣምሮ ማሠራት አይችልም አሉት።”

“እና ለምን ይህን ቦርድ ገዛችሁ?”

“በኢንተርኔት አይተን ነዋ። ሪከርዱን የሰበረው ሰውዬ በዚህ ነው የምሠራው ብሎ ጽፏል። ከሱ በላይ ማንን እንመን? አጎት ቺዩም ደረሰኙን የያዙት ለዚህ ነው፤ ‘ይህን የጻፈውን ልጅ አውቀዋለሁ፤ አስጠርቼ ፊት ለፊት አሳየዋለሁ’ አሉት።”

ቦርዱን ጎንበስ ብዬ አየሁት። እንደ ሼን ቦርድ ሰማያዊ ነበር።

ኬም አይታዋለች። የመኪናውን ቁልፍ አወጣች።

*

ሼን በሩን የከፈተው ፈገግ ብሎ ነው። ከኋላዬ ኬን፣ ከኬ ኋላ ደግሞ በካቴና ያለውን ፓንን ሲያይ ፈገግታው ተንጠልጥሎ ቀረ።

“ይህ ሰው እዚህ ምን ይሠራል?”

“ያንተ አድናቂ ነው። ሪከርድህን በዓይኔ ልየው ብሎ ለመነኝ” አልኩት።

“አሁን? እንዲህ በሙቀቱ አይሆንም፤ ማቀዝቀዣ በረዶ ያስፈልጋል፣ ማስተካከያ…”

“ሪከርዱ ይቅርብኝ። ከግማሹ ትንሽ የሚበልጥ ብቻ አሳየኝ። ከአንድ ካርድ በላይ መሆኑን ልይ።”

“ኢንስፔክተር፣ እርስዎ የሙያው ሰው አይደሉም…”

“እኔ ነኝ የሙያው ሰው” አለ ፓን። ድምፁ ቀስ ያለ ነበር። “ያለኝን ሁሉ አንተ የጻፍከውን አምኜ ነው ያፈሰስኩት። አስነሳው።”

ኬ ማሽኑን አስነሳችው። ያው ተራራ፣ ያው ዘንዶ አለፈ። ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የማራገቢያዎቹ ድምፅ ብቻ ነበር። ቁጥሩ ሲወጣ ከሪከርዱ ግማሽ በታች ነው። ኬ ሁለተኛዋን ካርድ ነቀለችና ደገመችው። ቁጥሩ አልተነቃነቀም።

“ይህ ቦርድ ሁለት አያጣምርም” አልኩት። “ፎቶው የተነሳው እዚህ አይደለም። ሁለት የሚያጣምረው ቦርድ አጎት ቺዩ ጠረጴዛ ላይ ነው። ካርዶችህን ይዘህ ሄድክ፣ በሳቸው ማሽን ላይ ሰካሃቸው፣ ‘የውሃ ጎሽ’ ብለህ ጽፈህ ፎቶህን አነሳህ። ካርዶችህን ነቅለህ ወደ ቤትህ መለስክ፤ እኔ ደግሞ ባዶውን መሰኪያ አይቼ ተሰረቀ አልኩ። የተሰረቀ ነገር የለም ሼን። ዕድሜ ላንተ፣ የፓንን የራሱን ካርድ በሌብነት ይዤበት ነበር።”

ሼን አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ።

“ሪከርዶቼን ሁሉ እሳቸው ጋ ነው የሠራሁት” አለ። “ያን ማታም ፈቅደውልኛል። አጠገቤ ቆመው ሲያዩ እንደኔው ደስ ብሏቸው ነበር። ከዚያ የሰውዬውን ደረሰኝ አወጡ። ‘ሰው በቃልህ እየገዛ ነው፤ በየትኛው ቦርድ እንደሠራህ ዛሬውኑ እውነቱን ጻፍ፤ አለዚያ እኔ እጽፋለሁ’ አሉኝ። ሥራዬ ሊቀር ነው። ደረሰኙን ልነጥቃቸው ያዝኩ፤ ገፋኋቸው። መግፋት ብቻ ነው፣ እምላለሁ። በርጩማው አደናቀፋቸው።”

“አምቡላንስ ለምን አልጠራህም?”

“የሞቱ መስሎኝ።”

“እና ቤትህ ገብተህ ውጤቱን ለጠፍክ።”

ቀና ብሎ አየኝ፤ አለመረዳቴ የገረመው ይመስላል። “ሪከርድ እኮ ነው” አለ። “በሕይወቴ ትልቁ። ሞተር ሳይክሌን እየነዳሁ አለቅስ ነበር፤ ግን አራት ሰዓት ሊሆን ነው፣ አራት ሰዓት ሊሆን ነው እያልኩ ነበር የምነዳው። ማስረጃ እንደሚሆነኝ የገባኝ ከለጠፍኩት በኋላ ነው።”

በሥራዬ ብዙ ጭካኔ አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ሞኝነት ግን አላየሁም። ጠላሁት፤ አሳዘነኝም፤ ሁለቱንም አልደብቅም። ደረሰኙን ከኪሱ አውጥቶ ለኬ ሰጣት።

የፓንን ካቴና እዚያው ፈታሁት። እጁን እያሻሸ ሼንን ለረጅም ጊዜ አየው። ይመታዋል ብዬ ጠበቅኩ። አልመታውም።

“አጎት ቺዩ ያሉበት ሆስፒታል የት ነው?” አለኝ።

*

ዓርብ ጠዋት ዐቃቤ ሕጓ መዝገቡን ዘጋች፤ የፓን አመክሮ ጸና። እኩለ ቀን ላይ ኬ ደወለች። “አለቃ፣ ነቅተዋል! ነርሷን ምሳው ጨው የለውም ብለው ተቆጡ!”

ፓንና ሹዠን ቀድመውኝ ደርሰዋል። ፓን ከአልጋው ራቅ ብሎ፣ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። አዛውንቱ ጭንቅላታቸው በፋሻ ተጠቅልሎ አንድ ዓይናቸውን ብቻ ገልጠው አዩት።

“ና ወዲህ” አሉት።

ቀረበ። “አጎቴ፣ እንደዚያ መጮሄ…”

“ዝም በል። ጥፋቱ የኔ ነው። ምን ቦርድ እንዳለህ ሳልጠይቅ ሁለት ካርድ ሸጥኩልህ። ይህን ያህል ዘመን በዚህ ሥራ ኖሬ!” በትንፋሻቸው መካከል አረፍ አሉ። “ሱቁ ዝግ ነው?”

“ዝግ ነው።”

“አጠገቤ ያለውን መሳቢያ ክፈት። የሱቁ ቁልፍ አለ። ከሱቁ ላይኛው መደርደሪያ ጥቁር ሣጥን አውርድ፤ ውስጡ ያለው ቦርድ ሁለቱንም ይሸከማል። ውሰድና ሰማያዊውን አምጣልኝ፤ ልውውጥ ነው። ካፌያችሁ ቅዳሜ ባዶ መዋል የለበትም።”

ፓን መሳቢያውን ከፍቶ ቁልፉን ያዘ፤ አልተንቀሳቀሰም። ዓይኑን ወደኔ ጣል አደረገና መልሶ ወደ አዛውንቱ አዞረ። ሹዠን ክንዱን ያዘችው።

“አጎቴ፣” አለ፣ “አያውቁኝም መሰለኝ። እኔ ሌባ ነበርኩ። መጋዘን ሰብሬ ታስሬአለሁ። የያዙኝ እኚህ ኢንስፔክተር ናቸው።”

አዛውንቱ ያችኑ አንድ ዓይናቸውን ወደኔ አዞሩ፤ ከዚያም ወደ እሱ መለሱና ከደኗት።

“ታዲያ ስትወጣ መቆለፉን አትርሳ” አሉት።